ሽቦ ከሽቦ ሲጋጠም
እዚህ ለምትሠሩበት ቤት፣ አገር ቤት ለምታሠሩት ቤት

ዓርብ ዓርብ ስንገናኝ ከሚነሡት ጥያቄዎች መካከል ሁለቱ ለየቅል ይመስላሉ። አንዷ እኅት፦ «የካውያው ገመድ ከሶኬቱ አጠገብ ተልጦ ሽቦው ይታያል። ማዳም በናስትሮ ጠቅልይውና ተኩሺበት አለችኝ። ምን ላድርግ?» ትላለች። ሌላዋ ደግሞ፦ «በላክሁት ብር አገር ቤት ሁለት ክፍል ተሠርቶ መብራት እየገባ ነው። ወንድሜ የሽቦ ማያያዣ መግዣ ላኪ አለኝ። ጠምዝዞ በናስትሮ መጠቅለል አይበቃም ወይ? ዕድሜያችንን ሙሉ እንደዚያ ስንኖር ምን ሆንን?» ትላለች።

ጥያቄው አንድ ነው። ሁለቱም የሚጠይቁት ሽቦ ከሽቦ የሚጋጠምበትን ቦታ ምን ይያዘው ብለው ነው። ለመጀመሪያዋ እኅት መልሱ «አንቺ አትንኪው» ነው፤ ለምን እንደ ሆነና ለማዳም እንዴት እንደምትነግሪያት ከታች እናያለን። ለሁለተኛዋ መልሱ «ላኪለት፣ ግን የትኛውን እንደሚገዛ አንቺም ዕወቂ» ነው። ከዚያ በፊት ግን መጋጠሚያው ላይ ምን እንደሚሆን እንይ፤ እርሱን ያወቀ ሰው ሌላውን ራሱ ይደርስበታል።

መጋጠሚያው ለምን ይሞቃል?

ደኅና ሽቦ ውስጥ ኤሌክትሪክ በሰፊ መንገድ እንደሚሄድ ሕዝብ ያልፋል። መጋጠሚያው ከላላ ግን ሁለቱ ሽቦዎች የሚነካኩት በጥቂት ነጥብ ብቻ ይሆናል፤ ያ ሁሉ ሕዝብ በአንዲት ጠባብ በር ልለፍ ይላል። መጋፋቱ ሙቀት ይሆናል። ጠባብነቱ የሚለካው በኦም ነው። ሙቀቱን ለማግኘት የሚያልፈውን አምፔር በራሱ ታባዙና እንደ ገና በኦሙ ታባዛላችሁ።

በኩዌት ቤቶች ያለው ኤሌክትሪክ 240 ቮልት ነው። 2,400 ዋት የሆነ ካውያ 10 አምፔር ይስባል። መጋጠሚያው ላልቶ 0.2 ኦም ቢኖረው 10 በ10 ሲባዛ 100፣ በ0.2 ሲባዛ 20 ዋት ይሆናል። በዚያው መጋጠሚያ ላይ 3,000 ዋት የሆነ የውኃ ማፍያ ብትሰኩበት 12.5 አምፔር ያልፋል፤ ሙቀቱም 31 ዋት ይደርሳል። ሬዲዮ ጠጋኝ እርሳስ የሚያቀልጥበት ትንሽዬ መሣሪያ ከዚህ ብዙም አይበልጥም። ያንን መሣሪያ ለኩሶ ግድግዳ ውስጥ ወይም አልጋ ሥር ትቶ የሚሄድ ሰው አለ? የላላ መጋጠሚያ ግን እንደዚያው ነው።

አሁን ወደ «ዕድሜያችንን ሙሉ ስንኖር ምን ሆንን?» እንምጣ። እውነት ነው፣ ብዙዎቻችን ያደግንበት ቤት ሽቦው ተጠምዝዞ፣ በናስትሮ ተጠቅልሎ፣ ከጣሪያው ሥር ተንጠልጥሎ ነበር፤ ምንም አልሆነም። ነገር ግን በዚያ ሽቦ የሚያልፈው ምን ነበር? አንድ አምፖልና አንድ ሬዲዮ። 60 ዋት አምፖል አገር ቤት ባለው 220 ቮልት የሚስበው 0.27 አምፔር ያህል ነው። በዚያው 0.2 ኦም መጋጠሚያ ላይ የሚፈጥረው ሙቀት 0.015 ዋት ነው፤ ዝንብም አያሞቅ። ዛሬ ግን እናታችሁ ኤሌክትሪክ ምጣድ ገዝታለች። 3,500 ዋት ምጣድ 16 አምፔር ያህል ይስባል፤ ያው መጋጠሚያ 51 ዋት ያመነጫል። ከአምፖሉ ሦስት ሺህ እጥፍ በላይ ማለት ነው። መጋጠሚያው ያው የድሮው ነው፤ የተለወጠው በላዩ የሚያልፈው ጭነት ነው። ጭነቱን የጨመርነው ደግሞ እኛው ነን፦ ፍሪጁን፣ ምጣዱን፣ የውኃ ማፍያውን የላክነው እኛ ነን።

«ብሬከር አለን፣ ይዘጋዋል» የሚሉ አሉ። ብሬከር የሚዘጋው አምፔሩ ከተወሰነለት ሲያልፍ ወይም ሾርት ሲፈጠር ነው። በላላ መጋጠሚያ የሚያልፈው አምፔር ግን ትክክለኛው የምጣዱ አምፔር ነው፤ አልበለጠም፣ ስለዚህ ብሬከሩ የሚያውቀው ነገር የለም። መጋጠሚያው ይሞቃል፣ ይለጠጣል፤ ምጣዱ ሲጠፋ ይቀዘቅዛል፣ ይሸማቀቃል፤ እንዲህ እያለ በየቀኑ ትንሽ ትንሽ ይላላል። መዳቡም በሙቀቱ ይጠቁራል፣ ያ ጥቁር ቆዳ ደግሞ በሩን ይብስ ያጠብባል። ወራት ሊወስድ ይችላል። መጨረሻ ላይ የሽቦው ፕላስቲክ ልባስ ይቀልጥና ፌዙና ኒውትራሉ ይነካካሉ፤ ሾርት የሚባለው ይህ ነው። ብሬከሩ የሚነቃው ያኔ ነው፤ በዚያን ጊዜ ግን እሳቱ ተነሥቶ ሊሆን ይችላል።

ናስትሮስ? ናስትሮ ሰው ሽቦውን እንዳይነካ ይሸፍናል፤ ሽቦን ከሽቦ አጥብቆ መያዝ ግን አይችልም፤ እጅ የለውም። ሲሞቅ ሙጫው ይቀልጣል፣ እየተንሸራተተም ይላቀቃል።

የኩዌት ሙቀት ደግሞ ነገሩን ያከብደዋል። በብዛት የምናየው የሽቦ ፕላስቲክ ልባስ የተሠራው ሽቦው እስከ 70 ዲግሪ ቢሞቅ እንዲችል ነው። በሐምሌ ከሰዓት በኋላ ውጭው 50 ዲግሪ ሲሆን፣ አየር በሌለው የሰገነት ክፍል ወይም ዕቃ ቤት ውስጥ ለሽቦው የሚቀርለት ትርፍ 20 ዲግሪ ብቻ ነው። ኤሲው፣ ማጠቢያው፣ ፍሪጁ ሁሉ አብረው የሚሠሩትም በዚያው ሰዓት ነው።

መንገፍ

እዚሁ እኛ አጠገብ፣ በአሕመዲ አስተዳደር ሥር ባለው መንገፍ፣ ሰኔ 5 ቀን 2016 ዓ.ም. (በፈረንጆች ጁን 12 ቀን 2024) ንጋት ላይ የውጭ አገር ሠራተኞች የሚኖሩበት ሕንፃ ተቃጥሎ ወደ 50 የሚሆኑ ሰዎች ሞቱ። አብዛኞቹ ሕንዳውያን ነበሩ፤ ፊሊፒናውያንም ነበሩባቸው። የኩዌት እሳት አደጋ መሥሪያ ቤት የእሳቱ መነሻ በምድር ቤቱ ባለው በዘበኛው ክፍል የተፈጠረ የኤሌክትሪክ ሾርት መሆኑን አስታወቀ። ብዙዎቹን የገደላቸው ነበልባሉ ሳይሆን በደረጃው ወደ ላይ የወጣው ጭስ ነው። ተኝተው ነበር።

ይህን የምናነሣው ለማስፈራራት አይደለም። እሳቱ የተነሣው ከትልቅ ፋብሪካ ሳይሆን ከአንድ ሠራተኛ ትንሽ ክፍል ነው። እኛም የምንተኛው በእንደዚያ ዓይነት ክፍል ነው፦ አንድ ሶኬት፣ በእርሱ ላይ ዲቫይደር፣ በዲቫይደሩ ላይ ሌላ ዲቫይደር፣ በዚያ ላይ ማራገቢያ፣ ስልክ፣ ትንሽ ምድጃ።

እዚህ፣ በምትሠሩበት ቤት

የቤቱን ሽቦ፣ ሶኬትና ገመድ መጠገን የእናንተ ሥራ አይደለም። ማዳም ብትጠይቅም፣ የቤቱ ሹፌር «ቀላል ነው፣ ያዢልኝ» ቢልም አይደለም። በኩዌት የቤት ሠራተኞችን ጉዳይ የሚመለከተው የ2015 ሕግ ቁጥር 68 አሠሪ ለሠራተኛዋ ጤናዋን የሚጎዳ አደገኛ ሥራ እንዳይሰጥ ይከለክላል። ሕግ እየጠቀሱ መከራከር ግን በአንድ ቤት ውስጥ ለሚኖር ሰው ሁልጊዜ እንደማይመች እናውቃለን። ስለዚህ ብዙ ጊዜ የሚሠራው ከሕጉ ይልቅ ዕቃውን ማሳየት ነው። ማዳም ያልታያት ነገር ሊኖር ይችላል፤ ጠቁሮ የቀለጠውን ሶኬት በዓይኗ ስታይ የራሷም ልጆች እዚያ ቤት እንደሚተኙ ታስባለች።

ካውያውን ንቀሉ (ገመዱን ሳይሆን ሶኬቱን ይዛችሁ፣ እጃችሁ ደርቆ)፣ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጡና አሳዩዋት። «ማማ፣ ዋየር ኸርባን። ሓደ ኸጠር።» ዋየር ሽቦ ነው፣ ኸርባን ተበላሽቷል፣ ኸጠር አደጋ። ሶኬቱ የሚሞቅ ከሆነ «ሓር» ማለት ይበቃል። የሚቃጠል ነገር ከሸተታችሁ «ሪሐት ሐሪግ» በሉ፤ ይህን ሰምቶ የማይመጣ ሰው የለም። ኤሌክትሪሻን «ከህረባኢ» ይባላል። ጉዳዩን ባያችሁበት ቀን መናገራችሁ ሌላም ጥቅም አለው፦ ዕቃው በኋላ ቢቃጠል «አንቺ ነሽ ያበላሸሽው» ማለት ይከብዳል። ስልክ ካላችሁ ፎቶ አንሡና ለማዳም በዋትስአፕ ላኩላት፤ ቀኑ ተመዝግቦ ይቀራል።

የምትጠብቋቸው ምልክቶች ጥቂት ናቸው። ዓሣ የመሰለ ወይም የተቃጠለ ፕላስቲክ ሽታ፤ ነጩ ሶኬት ወደ ቡናማ ሲለወጥ፤ ሲሰካ ጭር ጭር የሚል ድምፅ፤ ማጠቢያው ሲነሣ መብራቱ ብልጭ ድርግም ማለት። ካውያ ተኩሳችሁ ስትጨርሱ ሶኬቱን ስትነቅሉ ለብ ማለቱ ደኅና ነው፤ ይዛችሁ መቆየት ካቃታችሁ ግን ውስጡ የላላ ነገር አለ።

የኩዌት ሶኬት ሦስት ጠፍጣፋ እግሮች ያሉት፣ እንግሊዞች የሚጠቀሙበት ዓይነት ነው። በውስጡ ትንሽ ፊውዝ አለ፤ አብዛኛውን ጊዜ 13 አምፔር ወይም 3 አምፔር። ፊውዙ ገመዱን ለመጠበቅ የተቀመጠ ነው፤ ተቃጥሎ ሳለ በሲጋራ ወረቀት ጠቅልሎ መልሶ የሚያስገባ ሰው ካያችሁ ያንን ዕቃ አትሰኩ። ዲቫይደሩም እንደዚሁ በአንድ ባለ 13 አምፔር ሶኬት ነው ግድግዳው ላይ የሚሰካው፤ ስድስት ቀዳዳ ቢኖረውም በጠቅላላው መሸከም የሚችለው 3,000 ዋት ያህል ነው። የውኃ ማፍያው ብቻውን ያንን ይጨርሰዋል። ስለዚህ ማፍያ፣ ካውያ፣ መጥበሻና ማሞቂያ ሁልጊዜ በቀጥታ ግድግዳው ላይ። ስልክና መብራት ዲቫይደር ላይ ቢሰኩ ችግር የለውም። ዲቫይደር በዲቫይደር ላይ መቀጠል ግን የመጋጠሚያዎቹን ቁጥር ያበዛል፤ እያንዳንዱ የሚሰካበት ቦታ አንድ መጋጠሚያ ነውና።

ለክፍላችሁ አንድ ነገር ጨምሩ። ስትተኙ ስልኩን ትራስ ሥር አድርጋችሁ ቻርጅ አታድርጉ፤ ዲቫይደሩን ምንጣፍ ወይም ፍራሽ ሥር አትደብቁ። በሩ ማታ ከውጭ የሚቆለፍባችሁ ከሆነ ደግሞ ይህ ትልቅ ነገር ነውና ዝም አትበሉ፤ ለማዳም «እሳት ቢነሣ እንዴት እወጣለሁ?» ብላችሁ ጠይቁ፣ ለምታምኑት ሰውም ንገሩ። እሳት ከተነሣ በኤሌክትሪክ ዕቃ ላይ ውኃ አትድፉ። ብሬከሩ ቅርብ ከሆነና ጭስ ከሌለበት አጥፉ፤ ካልሆነ በሩን ከኋላችሁ ዘግታችሁ ውጡና 112 ደውሉ። ዕቃ ለመውሰድ አትመለሱ፤ ፓስፖርት ይተካል። ሰው ኤሌክትሪክ ይዞት ካያችሁ አትንኩት፣ እናንተንም ይይዛችኋልና። መጀመሪያ ብሬከሩን ማጥፋት ነው፤ ካልተቻለ በደረቅ እንጨት፣ ለምሳሌ በመጥረጊያ ዘንግ፣ ሽቦውን ከሰውየው ማራቅ።

አገር ቤት፣ በምታሠሩት ቤት

እዚህ ላይ ጉዳዩ ይለወጣል፤ የቤቱ ባለቤት እናንተ ናችሁና። ሥራውን የሚሠራው ኤሌክትሪሻን ቢሆንም ምን እንደሚገዛ የምትወስኑት እናንተ ናችሁ። ቤት ሲሠራ ሰው ለበርና ለቀለም ብር አይሰስትም፤ ስካቶላ ውስጥ ተደብቆ ለሚቀረው ግን ይሰስታል። ማያያዣ ከቤቱ ዋጋ ሁሉ ትንሿ ናት።

በገበያ የምታገኟቸው በዋናነት ሦስት ዓይነት ናቸው።

የመጀመሪያው ባለ ብሎኑ ነው። ነጭ ወይም ጥቁር ፕላስቲክ፣ በውስጡ የነሐስ ቱቦ፣ ከላይ ሁለት ትንንሽ ብሎን፤ በረድፍ ተያይዞ ይመጣና በቢላዋ እየተቆረጠ ይሠራበታል። ርካሽ ነው፣ በየትኛውም ከተማ ይገኛል፣ በካቻቢቴ ብቻ ይሠራል። በደንብ ከጠበቀ ጥሩ ነው። ችግሩ ብሎኑ ሽቦውን በጫፉ ስለሚጫነው ብዙ ቀጫጭን ክር ያለውን ሽቦ ይቆራርጠዋል። ለእንደዚህ ዓይነቱ ሽቦ ክሮቹን ሰብስቦ የሚይዝ ትንሽ የብረት ቆብ ጫፉ ላይ አጥልቆ በመሣሪያ መጭመቅ ያስፈልጋል። አንዳንድ ባለሙያዎች በዚያ ፈንታ ክሮቹን በእርሳስ ይበይዱና ከብሎኑ ሥር ያስገባሉ። ሲያዩት ያምራል፤ ግን እርሳስ ለስላሳ ስለሆነ ብሎኑ ሲጫነው ቀስ በቀስ ይሸሻል፣ መጋጠሚያውም ይላላል። ይህን አታስደርጉ። ባለ ብሎኑ በልክ በልክ ነው የሚሸጠው፤ ለአምፖል የምትሆነዋ ትንሿ ለምጣድ አትሆንም። ፕላስቲኩ ላይ የተጻፈውን አምፔር ማንበብ ነው።

ሁለተኛው ቆብ መሳዩ ነው። ሽቦዎቹ አንድ ላይ ይያዙና ቆቡ እንደ ጠርሙስ ክዳን እየተጠመዘዘ ይጠብቅባቸዋል፤ በውስጡ ሾጣጣ ጠመዝማዛ አለው። አሜሪካና ካናዳ ውስጥ በየቤቱ ያለው ይህ ነው። ለአንድ ወጥ ሽቦ፣ በሚያውቅ እጅ፣ ጥሩ ይይዛል። ቀጭን ክር ካለው ሽቦ ጋር አንድ ወጥ ሽቦን ሲያጣምሩበት ግን ክሩ እየተንሸራተተ ይወጣል። ልኩን መምረጥም ዓይን ይፈልጋል፦ ቢሰፋ አይዝም፣ ቢጠብ እስከ መጨረሻው አይገባም። ከውጭ ሲታይ የጠበቀውና ያልጠበቀው አንድ ይመስላሉ። እኛ በሌለንበት ለሚሠራ ቤት የማልመርጠው በዚህ ምክንያት ነው።

ሦስተኛው በጸደይ ብረት የሚይዘው ነው። ጸደዩ ሽቦውን ሳያቋርጥ ስለሚጫን፣ ሙቀትና ቅዝቃዜ ሲፈራረቅ ብሎን እንደሚላላ አይላላም፤ ሽቦው ቢሸማቀቅ ጸደዩ ተከትሎት ይሄዳል። ሁለት ዓይነት አለው። አንዱ ሽቦውን ገፍቶ ማስገባት ብቻ ነው፤ ይህኛው የሚሆነው ለአንድ ወጥ ሽቦ ነው፣ ቀጭኑ ክር ይታጠፍና አይገባም። ሌላው ትንሽ ክንፍ ያለው ነው፦ ክንፉን ማንሣት፣ ሽቦውን ማስገባት፣ ክንፉን መመለስ። ይህ አንድ ወጡንም ክር ያለውንም ይይዛል፣ ያለ ካቻቢቴ ይሠራል፣ እንደ ገናም ይከፈታል። በዚህ ሥራ ስሙ የታወቀው የጀርመኑ ዋጎ ነው። ባለ ክንፉና ብርሃን የሚያሳልፈው የዋጎ 221 ትንሹ ልክ ክር ያለውን ሽቦ ከ0.2 እስከ 4 ካሬ ሚሊ ሜትር ይቀበላል፣ 32 አምፔር ይሸከማል፤ ሽቦው 11 ሚሊ ሜትር ተልጦ ነው የሚገባው። ፕላስቲኩ ብርሃን ስለሚያሳልፍ ሽቦው እስከ መጨረሻው መግባቱ በዓይን ይታያል። በዋጋ ከባለ ብሎኑ ይወደዳል። እኔ ብጠየቅ ለሶኬት መስመር ይህን፣ ለአምፖል መስመር ባለ ብሎኑን እላለሁ፤ ብሩ እንዲበቃ።

ይህ ዓይነት አስመሳይ የበዛበት ዕቃ ነው። ፈሓሂል ወይም አዲስ አበባ ውስጥ ስትገዙ ከሁሉም አንድ ሳንቲም የረከሰውን አትፈልጉ። በእጃችሁ ያዙትና የአምፔር፣ የቮልትና የሽቦ ልክ በራሱ ፕላስቲክ ላይ ተቀርጾ እንደ ሆነ እዩ፤ በካርቶኑ ላይ ብቻ መጻፉ አይበቃም። ክንፉ ሲመለስ ቀጭ ብሎ መዝጋት አለበት። አንድ ቁራጭ ሽቦ አስገብታችሁ ዘግታችሁ ሳቡት፤ ከወጣ ባለሱቁ ዕቃውን ይመልሰው። ወደ አገር ቤት ስትሄዱ ሻንጣ ውስጥ አንድ ፓኮ መያዝ አይከብድም፤ ከብስኩት ቀላል ነው።

መዳብና አሉሚኒየም ሲገናኙ ልዩ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ከምሶሶ ወደ ቆጣሪው የሚመጣው መስመር ብዙ ጊዜ አሉሚኒየም ነው፤ የቤቱ ውስጥ ሽቦ ደግሞ መዳብ። ሁለቱ በቀጥታ ተጠምዝዘው ከታሰሩ፣ በተለይ ዝናብ የሚያገኘው ቦታ ላይ፣ አሉሚኒየሙ እየተበላ ይሄዳል። «መብራት ይሄዳል ይመጣል፣ ምሶሶው ላይ ብልጭ ይላል» የሚባለው አንዳንዴ ይኸው ነው። ለሁለቱም ብረት ተብሎ የተሠራ ማያያዣ አለ። ከቆጣሪው ወዲያ ያለው ግን የኤሌክትሪክ አገልግሎት ሥራ ነው፤ የሰፈር ልጅ ምሶሶ ላይ እንዲወጣ አትክፈሉ፣ 905 ይደወል።

የሽቦውም ውፍረት ከማያያዣው ጋር ይሄዳል። ለአምፖል 1.5፣ ለሶኬት 2.5 ካሬ ሚሊ ሜትር የተለመደ ነው። ምጣድ ከቆጣሪው ሰሌዳ የሚነሣ የራሱ መስመር፣ የራሱ ብሬከር፣ ቢያንስ 4 ካሬ ሚሊ ሜትር ሽቦ ይገባዋል፤ መንገዱ ረጅም ከሆነ 6። ሌላ ሁሉ ብር ቢያጥረው ይህን መስመር አታሳጥሩ። ምጣዱ በሳምንት ሁለት ሦስት ጊዜ ለረጅም ሰዓት የሚሠራ፣ በቤቱ ውስጥ ከፍተኛውን አምፔር የሚስብ ዕቃ ነው። ከመስመሩ መካከልም መጋጠሚያ ባይኖርበት ይመረጣል፤ አንድ ሽቦ ሳይቆረጥ ከብሬከር እስከ ምጣድ። ከማያያዣ ሁሉ የሚሻለው አለመቁረጥ ነው።

በካርጎ ስለምትልኩት ዕቃ

ካውያ፣ ማፍያ፣ ጁስ መፍጫ፣ አንዳንዴም ፍሪጅ ከኩዌት ይላካል። ቮልቱ አያስቸግርም፤ የኩዌት 240ና የኢትዮጵያ 220 ተቀራራቢ ናቸው፣ ሁለቱም 50 ኸርዝ ናቸው። የሚያስቸግረው ሶኬቱ ነው፤ ሦስት ጠፍጣፋ እግሩ አገር ቤት ካለው ክብ ቀዳዳ አይገባም። ያኔ ሰው ሁለት ነገር ያደርጋል። አንደኛው ሶኬቱን ቆርጦ ገመዱን ከሌላ ገመድ ጋር ጠምዝዞ በናስትሮ መጠቅለል ነው፤ በዚህ አንድ ድርጊት ፊውዙ ይጠፋል፣ አረንጓዴና ቢጫው የመሬት ሽቦ ተቆርጦ ይጣላል፣ አዲስ የላላ መጋጠሚያም ይፈጠራል። ሁለተኛው ርካሽ አስማሚ መግዛት ነው፤ ብዙዎቹ የመሬት መስመር መገናኛ የላቸውም፣ እግራቸውም ቀጭን ስለሆነ ለስልክ እንጂ ለካውያ አይሆኑም።

የሚሻለው ባለሙያ አገር ቤት የሚሸጠውን፣ የመሬት መገናኛ ያለውን ባለ 16 አምፔር ክብ ሶኬት ገዝቶ በገመዱ ጫፍ ላይ በቀጥታ እንዲገጥመው ነው። ቡናማው ሽቦ ፌዝ፣ ሰማያዊው ኒውትራል፣ አረንጓዴና ቢጫው የመሬት ነው። የገመዱ የውጭ ልባስ ሶኬቱ ውስጥ ገብቶ በማሰሪያው መያዝ አለበት፤ ሲጎተት የሚሳበው ልባሱ እንጂ ሽቦው እንዳይሆን። የግድግዳው ሶኬት የመሬት መስመር ከሌለው ግን አዲሱ ሶኬት ብቻውን ምንም አይሠራም። ፍሪጅና ማጠቢያ አካላቸው ብረት ነው፤ ፌዙ አካሉን ቢነካ በመሬት መስመሩ ካልሄደ በእናታችሁ እጅ ይሄዳል።

ለወንድማችሁ የምትልኩት መልእክት

ኤሌክትሪሻኑን ከዚህ ሆኖ መቆጣጠር ከባድ ነው፤ ግን እንደሚመስለው አይደለም። የሥራውን ዋጋ ስትስማሙ ሁሉንም አስቀድማችሁ አትላኩ። ከዚያ ይህን በድምፅ ወይም በጽሑፍ ለወንድማችሁ ላኩለት፤ እንዳለ መቅዳት ትችላላችሁ፦

«ወንድሜ፣ ስካቶላዎቹ ከመከደናቸው በፊት እያንዳንዱን ከፍተህ ፎቶ አንሣልኝ። ሽቦ ተጠምዝዞ በናስትሮ ብቻ የታሰረ እንዳይኖር። ማያያዣው ውጭ የተራቆተ መዳብ እንዳይታይ። ብሬከሩን አጥፍታችሁ፣ በመፈተሻ እሳት አለመኖሩን አይታችሁ፣ ኤሌክትሪሻኑ አንድ በአንድ ሽቦውን ይሳበው፤ አንድም መላቀቅ የለበትም። አረንጓዴና ቢጫው ሽቦ ወደ እያንዳንዱ ሶኬት መግባቱን አሳየኝ። የምጣዱ መስመር ብቻውን መሆኑን፣ ብሬከሩ ላይ የተጻፈውን ቁጥርም አንሣ። ግድግዳ ውስጥ በሲሚንቶ ተደፍኖ የቀረ መጋጠሚያ እንዳይኖር፤ መጋጠሚያ ያለው ስካቶላ ውስጥ ብቻ ነው፣ ስካቶላውም የሚከፈት ይሁን። ምጣዱ ተጥዶ አንድ ሰዓት ከሠራ በኋላ ብሬከሩን አጥፋና የሶኬቱን ፊት በእጅህ ጀርባ ንካው።»

ፎቶዎቹ ሲመጡ አስፍታችሁ እዩ። ጥቁር ናስትሮ የተጠቀለለበት እብጠት ካያችሁ ያ መጋጠሚያ እንዲፈታ ጠይቁ። ኤሌክትሪሻኑ ቢቆጣ፣ ሠላሳ ዓመት እንዲህ ሠርቻለሁ ቢል፣ በትሕትና «እሺ ጋሼ፣ እርስዎ ያውቃሉ፤ ለእኔ ግን ይፍቱልኝ» በሉት። የቀረውን ክፍያ የምትልኩት ሁለተኛው ፎቶ ከመጣ በኋላ ነው።